የክረምት ቀርከሃ ዋጋ

ማናለብሽ የዳንግላ ልጅ ናት። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ ነድተው፣ በጋሪው ሁለት ልጆች አሳድገው፣ ፈረሱንና ጋሪውን ለታናሽ ወንድሟ ለአሸናፊ ትተውለት አለፉ። ለእሷ የተዉላት ትምህርቷን ነው። ከባሕር ዳር በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ እንደ መጣች፣ ከኮሶበር ከተማ ዳር የተከፈተ አንድ ፋብሪካ ቀጠራት። ፋብሪካው ከቀርከሃ ጠረጴዛና ወንበር ይሠራል። ማናለብሽ ሳቅ የማይጠፋት፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳይቀር ሦስት ትውልድ ቆጥራ የምትዛመድ ሴት ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ግን ዝም አለች። ጓደኞቿ ፍቅር ይዟት መሰላቸው። የያዛት ሌላ ነበር።

በዚያ ዓመት ፋብሪካው ምርት የሚያቅድ ሶፍትዌር አስገብቶ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ "ሲስተሙ" ይለዋል። ሲስተሙ አንድ ጠረጴዛ ገና ሳይሠራ ስንት ሊፈጅ እንደሚገባው አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ ቀርከሃው ይህን ያህል፣ ሙጫው ይህን ያህል፣ የሰው ጉልበቱ ይህን ያህል። ይህ መደበኛ ወጪ ይባላል። የሽያጭ ክፍሉ ዋጋ የሚቆርጠው በእሱ ነው፤ በመጋዘን ያለው ዕቃም የሚተመነው በእሱ ነው። ሐምሌ ሲብት፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀመር፣ መደበኛው ወጪ ይታደሳል። አዲሱ መጀመሪያ በተጠባባቂነት ይቀመጥና ሥራ አስኪያጁ ያጸድቀዋል። ከዚያ ማናለብሽ አንዲት ቁልፍ ስትነካ አሮጌው ይሰረዛል፣ ፋብሪካው በሙሉ በአዲሱ ማሰብ ይጀምራል። ያቺን ቁልፍ እንድትነካ የተፈቀደላት እሷ ብቻ ናት።

ሲስተሙ የቀርከሃውን ዋጋ የሚወስደው ደግሞ መጨረሻ ከተገዛበት ነው። መጨረሻ የተገዛው በሰኔ ነበር።

በአዊ ምድር ቀርከሃ በክረምት እንደማይቆረጥ የማያውቅ የለም። ዝናብ የጠጣ ቀርከሃ ውስጡ ይጣፍጣል፤ ነቀዝ ይወደዋል። ስለዚህ ባለቀርከሃው ጥቅምትን ይጠብቃል። በሰኔ የሚቆርጥ የቸገረው ነው፤ የቸገረው ሰው ደግሞ ዋጋ አይጠራም፣ ይጠሩለታል እንጂ። በዚያ ሰኔ የቸገረው በዛ። ፋብሪካውም "ሲሳይ ወረደልን" ብሎ መጋዘኑን እስከ ጣሪያው ሞላ።

አንድ ቀን የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ውቤ በመስኮቷ በኩል ጠራት። "ማኑ፣ እስቲ ብቅ በይ። ሙዚቃ ላሰማሽ።"

ውጭው በጉም ተሸፍኖ ከአጥሩ ማዶ ያለው መንገድ አይታይም። መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ጆሮዋን ከክምሩ ላይ አደረገች። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ቅርጥ።

"ምንድን ነው ጋሽ ውቤ?"

"ምሳ ላይ ናቸዋ! እኛ እንኳ ለአንድ ሰዓት ነው የምንበላ። እነዚህ ግን ከገቡ ጀምሮ ማዕድ አላነሱም።"

ማናለብሽ ሳቀች። ቀና ስትል ግን በትከሻዋ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ቢጫ ብናኝ አየች፤ ብታራግፈውም ከሹራቧ አልለቅ አለ። ሳቋ እዚያው ቀረ።

"ለአቶ ዮናዳብ ነግረውታል?"

"ነግሬዋለሁ። መድኃኒት ይረጫል አለኝ። መድኃኒቱም እንደኔ ጡረታ እስኪወጣ ይጠበቃል መሰለኝ።"

አቶ ዮናዳብ ሥራ አስኪያጁ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ባለአክሲዮኖቹ ሲደውሉለት ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ የሚያናግር፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ወዲያው መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ማናለብሽ ገብታ አዲሱን ስሌት አስቀመጠችለት።

"አቶ ዮናዳብ፣ ይህ የቀርከሃ ዋጋ አይደለም፤ የችግር ዋጋ ነው። የዓመቱ መደበኛ ብናደርገው፣ ጥቅምት ላይ ደኅናውን ስንገዛ እያንዳንዱ ጠረጴዛ በኪሳራ ነው የሚወጣው።"

"ጥቅምት ላይ መልሰሽ ታድሺዋለሻ። አንዲት ቁልፍ አይደለች?"

"ወጪውን አድሰዋለሁ። ውሉንስ ማን ያድሰዋል?"

አቶ ዮናዳብ ዓይኑን ወደ ቀን መቁጠሪያው ላከ። ሰኞ ከባሕር ዳር አንድ ባለሆቴል ሊመጣ ነው፤ የዓመት ጠረጴዛና ወንበር በአንድ በተቆረጠ ዋጋ ሊዋዋል። በአምናው ወጪ ከተሰላ ይወደድበትና ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። በሰኔው ከተሰላ ይፈርማል።

"ስሚኝ ማናለብሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰውየው ካልፈረመ ማክሰኞ አዲስ የገቡትን አሰናብታለሁ። እነማን እንደሆኑ እኔ ልንገርሽ?"

መንገር አላስፈለገውም። ከአዲሶቹ አንዱ አሸናፊ ነው። "ጋሪን ባጃጅ ሊበላው ነው አሹ፤ ወር ጠብቆ ደሞዝ የሚመጣበት ቤት ና" ብላ ከዳንግላ ያስመጣችው እሷ ናት። በግንቦት ፈረሱንም ጋሪውንም ሸጦ መሰንጠቂያ ክፍል ገባ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ ማናለብሽ ያላትን አንድ ወንድም ይዛ ነው እዚህ ነገር ውስጥ የገባችው። ቁልፏን ብትነካ ወንድሟ ለዛሬ ይተርፋል፣ ፋብሪካው ግን ዓመቱን ሙሉ በኪሳራ ሲሸጥ ይከርምና አንድ ቀን ይዘጋል። ባትነካ ወንድሟ ማክሰኞ መንገድ ላይ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት ይጠፋል ብላ ጠበቀች፤ በዚያ ክረምት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይጠፋ አይውልም ነበር። እንኳን ሊጠፋ ብልጭ እንኳ አላለም። አቶ ዮናዳብ አጽድቆታል፤ የቀረችው እሷ ናት። "ጥቅምት ላይ አስተካክለዋለሁ" አለች ለራሷ፣ ሰው የሚሰማት ይመስል ድምፅ አውጥታ፤ ነካቻትም። ሲስተሙ ጥቂት አሰበና "ተሳክቷል" አላት። በመጋዘን ያለው ዕቃ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዋጋው ወረደ።

ሰኞ ባለሆቴሉ ፈረመ። በግ ታረደ። አሸናፊ የሰንጣቂዎቹን ጭፈራ ሲመራ ዋለ። "እታለም፣ ምነው ፊትሽ? በጉ የአንቺ ነበር እንዴ?" እያለ ከሰው ፊት አሳቃት።

ጥቅምት ገባ፤ ጉሙ ተነሣ፤ ከአዘና በኩል ደረቅና ደኅና ቀርከሃ በእውነተኛ ዋጋው መግባት ጀመረ። ሲስተሙ መሆን በነበረበትና በሆነው መካከል ያለውን እያሰላ "ልዩነት" በሚል ስም ለብቻው ያስቀምጣል። ልዩነቱ በየሳምንቱ አደገ። ማናለብሽ አዲሱን ወጪ አዘጋጅታ ለፊርማ አቀረበች። አቶ ዮናዳብ "ኅዳር ይሁን" አለ። በኅዳር "የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ይለፍ" አለ። ቢታደስማ በውሉ የሚወጣው እያንዳንዱ ጠረጴዛ ኪሳራነቱ ለባለአክሲዮኖቹ ወለል ብሎ ሊታይ ነው። አዲሱ ወጪ እዚያው በተጠባባቂነት ቀረ። በታኅሣሥ ከባሕር ዳር ወንበሮች ተመልሰው መጡ፤ እግሮቻቸው በመርፌ የተወጉ ይመስላሉ። ጋሽ ውቤ ተቀበላቸው። እሱም በዚያን ቀን አልቀለደም።

በዚሁ ሰሞን ነው አሸናፊ አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ ፈገግታው ከፊቱ ሰፍቶ ወደ ቢሮዋ የመጣው።

"እታለም፣ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ለሀይማኖት፣ ለአዘናው ለአቶ ሽባባው ልጅ።"

"እልል! ምን አሉ ታዲያ?"

"ሽማግሌዎቹን ቀጠሯቸው። መጀመሪያ እህቱን ላናግር አሉ። የሂሳብ ሰው አይዋሽም አሉ አሉ።" ሳቀ። "በአባታችን ጋሪ ላይ እያለሁ ቢሆን ደጃቸውንም አልረግጥም ነበር። ሥራው ያዛልቃል በያቸው፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ።"

ቅዳሜ አቶ ሽባባው ከገበያ ሲመለሱ ፋብሪካው በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው አስጠሯት። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ አባቷ ነፍስ ጠየቋት። አሸናፊ ከበሩ ማዶ ከሰንጣቂዎቹ ጋር ቆሞ ያላየ ይመስላል።

"ልጄ" አሏት ቀስ ብለው፣ "ልጁን ወድጄዋለሁ። መሬት የለውም፤ ከብት የለውም፤ ጋሪውንም ሸጧል አሉኝ። ያለው ይህ ቤት ነው። ይህ ቤት ያዛልቀዋል?"

ማናለብሽ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። ሀይማኖትን አይታት አታውቅም፤ ግን የሆነች ልጅ የሆነ ደጅ ላይ ቆማ አባቷ ይዘው የሚመጡትን ወሬ ስትጠብቅ ታየቻት።

"አባቴ፣ መልስ ሳይሰጡ እስከ ፋሲካ ይቆዩ" አለች።

ሽማግሌው ፊቷን አጥብቀው አዩት። "እግዚአብሔር ይስጥሽ" ብለው ተነሡ፤ ዱላቸውን አነሡና በአሸናፊ አጠገብ ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡት፤ ግን አልቆሙም።

አሸናፊ በዓይኑ ተከተላቸው፤ ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። ፈገግታው ገና አልጠፋም፤ የሚሄድበት አጥቶ ፊቱ ላይ ቀርቷል።

"ምን አልሻቸው?"

"ና ተቀመጥ አሹ። ከሰኔ ጀምሬ የምነግርህ ነገር አለ።"

"ቆሜ ነው የምሰማሽ" አላት።

እሷም ከሰኔ ጀመረች።