ልጃችንን ከውሃ የመለሱልን አጥማጅ፣ ኦቦ ደበላ

ለምታውቋቸው ሁሉ፤

ኦቦ ደበላ ባለፈው ሳምንት ቡራዩ፣ በልጃቸው በጫልቱ ቤት ዐርፈዋል። ጫልቱ ስትደውልልኝ ሰበታ ሱቄ ውስጥ ለአንድ ደንበኛ የቧንቧ መገጣጠሚያ እየፈለግሁ ነበር። «ነስሩ፣ አባዬ ዐረፈ» አለችኝ።  ደንበኛው ፊቴን አይቶ ዕቃውን ሳይወስድ ወጣ። የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረድኩና የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። የት እንደተወለዱ፣ ምን እንደሠሩ፣ እነማንን እንዳሳደጉ ተነግሯል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኛ ቤት የሚታወቁበት ነገር ግን በዚያ ውስጥ አልነበረም። እሳቸው ሲወራ ስለማይወዱ ልጆቻቸው እንኳ በደንብ አልሰሙትም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ኦቦ ደበላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ሰበታ ባሉ የዓሣ እርባታ ኩሬዎች ነው። የዓሣ ጫጩት ይመግቡ፣ የኩሬ ውሃ ይቀይሩ፣ መረብ ይጠግኑ ነበር። ፍቅራቸው ግን በዘንግ ማጥመድ ላይ ነበር። ፈቃድ ባገኙ ቁጥር ዘንጋቸውን በጆንያ ጠቅልለው በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር፤ አንዳንዴ ወደ ጣና፣ አንዳንዴ ወሎ ወዳለው ሐይቅ። ባልደረቦቻቸው «ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስታይ ትውልና በዕረፍትህም ዓሣ ፍለጋ ትሄዳለህ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን «የኩሬው ዓሣ የመንግሥት ነው፤ የሐይቁ ዓሣ የራሱ ነው» ይሉ ነበር።

የተዋወቅነው በሱቃችን ነው። አባቴ ከሚስማርና ከቀለም ጋር አንድ መደርደሪያ መንጠቆና የናይለን ክር ያስቀምጥ ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላም አልተውነውም። ኦቦ ደበላ ጭቃ የነካ ቦት ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ይገቡና ቀጥታ ወደዚያ መደርደሪያ ይሄዱ ነበር። ክሩን ሁለት ክንድ ያህል ይተረትሩና በሁለት ጣቶቻቸው መካከል ዓይናቸውን ጨፍነው ያሳልፉታል፤ የቆሰለ ቦታ ካለው ጣታቸው ይነግራቸዋል። የመንጠቆውን ጫፍ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ያሳርፉታል፤ ከተንሸራተተ ይመልሱታል፣ ነክሶ ከቆመ ይወስዱታል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ጎረምሶች ያለንን ትልቁን መንጠቆና ወፍራሙን ክር ሊገዙ ቆመው ነበር።

«ለየትኛው ዓሣ ነው ልጆቼ?» አሏቸው ኦቦ ደበላ።

«ለቆሮሶ ነው አባባ። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ዘመድ ጋ ልንሄድ ነው።»

ኦቦ ደበላ የትንሽ ጣታቸውን ጫፍ አሳዩአቸው። «ቆሮሶ አፉ ይህችን ብታክል ነው። ይህን ብትሰጡት በምን ይጎርሰዋል? ክሩም በሬ ያስራል።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀጭኑን ክር፣ ትንንሾቹን መንጠቆዎች፣ አንድ ቡሽና ጥቂት እርሳስ መርጠው ሰጧቸው። ቋጠሮውን ከማጥበቃቸው በፊት በምራቃቸው እያራሱ አሳዩአቸው፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ ራሱን ያቃጥላልና። ጎረምሶቹ ከሄዱ በኋላ ለእኔ ለራሴ የሚገባኝን ነገሩኝ፦ «ነስሩ፣ የሚፈልጉትን ብቻ አትሽጥላቸው። ምን ሊይዙ እንደሚሄዱ ጠይቃቸው።»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

ከማል ታናሽ ወንድሜ፣ የልጆች አባት ነበር። የሱቃችንን ዕቃ በአይሱዙ የሚያደርሰው እሱ ነበር። በአንድ የክረምት ቀን ሱሉልታ ብሎኬትና ቧንቧ አራግፎ ሲመለስ ሞተሩ ጋለበት። ከመንገዱ ዳር ድሮ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ፣ ክረምቱ ውሃ የሞላበት ካባ አለ። ጀሪካን ይዞ ወደዚያ ወረደ። የዳሩ ጭቃ ከዳው። አብሮት የነበረው ጫኝ ድምፅ ሰምቶ ሲሮጥ ያየው የሚንሳፈፈውን ጀሪካን ብቻ ነበር።

የአካባቢው ሰው በሙሉ ወጣ። ዋና የሚችሉ ሁሉ እየተፈራረቁ ጠለቁ። ውሃው ግን ድፍርስ ቀይ ነበር፤ ውስጡ ገብቶ የራሱን እጅ ያየ ሰው አልነበረም። መሸ። እናቴን፣ ወይዘሮ ዘሃራን፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ አስገድዶ አስገባት። ሲነጋ ተመልሳ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ልጄ ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ ሳይሰገድበት የት ትቼው ልሂድ?» ትላለች ደጋግማ።

ሰዎቹ መላ ሲያጡ ፌሮ አጣመው በገመድ አሰሩ፤ ወደ ታች ጥለው ሊጎትቱ ነው። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ሊረዱን ነው። እናቴ ግን ብረቱን ስታይ ተነሥታ መሐላቸው ቆመች።

«ልጄን በዚህ ልትቧጥጡት ነው? ከነውሃው ተዉልኝ! እዚሁ ይቅርልኝ!»

ማንም አልተነቃነቀም። እሷን ገፍቶ ብረቱን የሚጥል ሰው አልነበረም፤ ትቶ የሚሄድም አልነበረም። ኦቦ ደበላ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ደወልኩላቸው።

«ኦቦ ደበላ፣ ከማል ውሃ ገባብን። ማውጣት አቃተን።»

 «ምን ለብሶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ወፍራም የሥራ ጃኬት።»

«ማንም ብረት እንዳይጥል። መጣሁ።»

ከሰበታ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ ታክሲ እየቀያየሩ፣ በዝናብ መጡ። ትከሻቸው ላይ ያች ጆንያ ነበረች። ከማንም በፊት ወደ እናቴ ሄደው ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ። መንጠቆዎቻቸውን ጨርቅ ላይ ዘረጉ። ትልልቆቹን፣ ለትልቁ ዓሣ ለአምባዛ የሚሆኑትን፣ ወደ ጎን አደረጉ። መካከለኛዎቹን መረጡና በሞረድ ይሞርዱ ጀመር። መንጠቆ የያዘውን እንዳይለቅ ወደ ኋላ የሚመለስ ሌላ ሹል አለው፤ እሱን ከእያንዳንዱ ላይ ሞርደው አጠፉት።

«እህቴ፣ ይህን ይዩ» አሉና አንዱን በራሳቸው ኮት እጅጌ ላይ ሰክተው ጎተቱት፤ ጨርቁን ያዘ። መልሰው ሲያወጡት ምንም ሳይቀድ ወጣ። «አጭር ነው፤ ከጃኬቱ አያልፍም። ልብሱን ብቻ ነው የምይዘው።»

እናቴ መንጠቆውን ተቀብላ በጣቷ ነካችው። «ወንድሜ፣ እንዳያቆስሉት አደራዎን» አለች።

«ልጄ ቢሆን እንደማደርገው አደርጋለሁ።»

መንጠቆዎቹን በአንድ ጠንካራ ገመድ ላይ ደረደሯቸው፤ እርሳስ አንጠለጠሉባቸው። ከዚያ ከካባው ግድግዳ ሥር ጀምረው ይጥሉና ቀስ አድርገው ይስቡ ጀመር። እየጣሉ፣ እየሳቡ፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ እያሉ። ሌላ ሰው ላግዝ ሲላቸው «አይሆንም፤ እጄ መስማት አለበት» አሉ። ገመዱ ደጋግሞ ይያዛል፤ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ድንጋይ ነው» ይላሉ። ወይም «ቅርንጫፍ ነው»። መዳፋቸው ተልጦ ገመዱ ደም ነካው። ዝናቡ አላቆመም።

በኋላ ገመዱ እንደገና ተያዘ፤ በዚህ ጊዜ ራሳቸውን አልነቀነቁም። ገመዱን ጥቂት ለቀቅ፣ ጥቂት ሳብ አደረጉት። ፊታቸው ተለወጠ። ወደ እኔ ዞር ብለው በዝግታ «ነስሩ፣ እናትህን ያዝ» አሉኝ።

ሰዎቹ ሊጎትቱ ተሯሯጡ። እሳቸው ከለከሏቸው፤ ግድግዳው ሹል ድንጋይ ነበረና ገላው እንዲነካው አልፈለጉም። እናቴን ለሴቶች አስይዤ መጣሁ፤ ቀስ ብለው ወደ ዳር ካቀረቡት በኋላ ገመዱን ለእኔ ሰጡኝና ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ደረታቸው ድረስ ገብተው፣ በገመዱ ተመርተው ደረሱበትና ወንድሜን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ወጡ። መንጠቆው የጃኬቱን እጅጌ ይዞ ነበር። እናቴ ሳታይ በጣቶቻቸው አወጡት። ከማል ገላው ላይ አንድ ጭረት አልነበረም።

በዚያው ቀን አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደን ቀበርነው። ኦቦ ደበላ ከመቃብሩ ራቅ ብለው፣ ልብሳቸው እንደረጠበ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ላመሰግናቸው ስሄድ ከቦታው የሉም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ ይመጣሉ፤ ሚስማር ይገዛሉ፣ አምፖል ይገዛሉ፤ ወደዚያ መደርደሪያ ግን አይዞሩም። አንድ ቀን «ኦቦ ደበላ፣ ዘንድሮ ጣና አይሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«ማጥመዱን ተውኩት፣ ልጄ» አሉኝ። «ያ ክብደት እጄ ላይ ቀርቷል። ሰበታ ወንዝ ዳር ሞክሬ ነበር። ክሩ ሲሳብ ወንድምህ መሰለኝ፤ ቆርጬ ጣልኩት።»

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ወዲያው ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ተከተልኳት። ኦቦ ደበላ ግቢያቸው ውስጥ እንጨት ይፈልጡ ነበር። ሲያዩዋት መጥረቢያውን አስቀመጡ። እናቴ የልመና እንጂ የቁጣ ድምፅ አልነበራትም።

«ኦቦ ደበላ፣ ያ እጅ ልጄን ነው ያመጣልኝ። ሌላ ምን አደረገና ነው የሚቀጡት? ልጄም ሄዶ፣ የእርስዎም ደስታ በእሱ ምክንያት ሄዶ፣ ይህን ሁሉ እኔ አልችለውም። ይሂዱና ያጥምዱ። ዓሣም ያምጡልኝ፤ እበላለሁ።»

ኦቦ ደበላ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው አለቀሱ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሲያለቅሱ ያየኋቸው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወሎ ወዳለው ሐይቅ አብረን ሄድን። ጠዋት ውሃው ዳር ተቀመጥን፤ ኦቦ ደበላ ቀጭኑን ክር፣ ትንሿን መንጠቆ አሰሩ፤ ትሉን የሰካሁት ግን እኔ ነኝ። ክሩን ጣሉ። ቡሹ ቆይቶ፣ ቆይቶ ሰመጠ። ዘንጉ ጎበጠ። ኦቦ ደበላ ደርቀው ቀሩ። ዘንጉን ልነጥቃቸው አስቤ ተውኩት። ክሩ ወደ ግራ ሮጠ፣ ወደ ቀኝ ሮጠ፣ ዘንጉ ነዘረ።

«ነስሩ» አሉኝ። «ይሄ ይታገላል። ይሄ ሕያው ነው!»

«አዎ፣ ሕያው ነው ኦቦ ደበላ። ይሳቡት።»

ሳቡት። ደህና ቆሮሶ ነበር። እዚያው አጥበው፣ ጨው ነስንሰው፣ በዚያ ቀን ከያዟቸው ከሌሎቹ ጋር ለእናቴ አመጡላት። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእኛን በር ነበር። እናቴ ዓሣ ድሮ ወዳ አታውቅም፤ የእሳቸውን ግን አጥንቱን ለቅማ ትበላ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልባቸው ደከመና ጫልቱ ቡራዩ ወሰደቻቸው። መጨረሻ የጠየቅኋቸው ዕለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ስለ ሕመማቸው ስጠይቅ መልሰው ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁኝ። ልወጣ ስል እጄን ያዙና «የከማል ልጆች ደህና ናቸው? አሳድጓቸው፤ ውሃ እንዲፈሩ ግን አታድርጓቸው» አሉኝ።

በቀብራቸው ዕለት እናቴ ካልሄድኩ ብላ በምርኩዝ መጣች። ካህናቱ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ከዕድር ሴቶች ጋር ቆመች፤ ከዚያ ወደ ጫልቱ ተጠግታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባትሽ ልጄን ምንም ሳይነካው ሰጡኝ። እኔ ለአንቺ ምን ልስጥሽ?»

«መጥተዋል እኮ እማማ» አለች ጫልቱ። «በቃኝ።»

ኦቦ ደበላ፣ አሁን ለአንቱ ልናገር። በሕይወት ሳሉ ባመሰግንዎ ኖሮ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወይም ወደ መንገዱ ያዞሩብኝ ነበር። ዛሬ ማምለጫ የለዎትም። ሐዘን ሁሉ ከባድ ነው፤ የት እንደገባ የማያውቁት ሰው ሐዘን ግን ማብቂያ የለውም። አንቱ ከዚያ አወጡን። እናቴ ዓርብ ዓርብ ከማል መቃብር ዘንድ ተቀምጣ ታወራዋለች፤ ያን ቦታ የሰጧት አንቱ ነዎት። ከእንግዲህ ከዚያ ስንመለስ በአንቱ መቃብር በኩል እንድናልፍ አዝዛኛለች። ጉልበቷ ቢያቅታትም ደግፌ አመጣታለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ «የማን ዘመድ ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቀን መልሱን ከአሁኑ ተስማምተንበታል፤ «የኦቦ ደበላ» እንለዋለን።

ነጋቲ፣ ደህና ይሁኑ፣ ኦቦ ደበላ። በሰላም ይረፉ።