አቼቶ የበላው ድንጋይ

ቅዳሜ ዕለት ማንቆርቆሪያህ ውስጥ አቼቶ ስትጨምር አጠገብህ ቆሜ ነበር። ውሃው የጋገረውን ነጭ ቅርፊት ለማስለቀቅ ነው፤ ላስ ቬጋስ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ኮምጣጣ ሽታ። ቀጥሎ ከማንቆርቆሪያው ሥር ችስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ይኼኔ ትቼህ በረንዳ ላይ ወጣሁ። "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ሞቀኝ" አልኩህ። አልሞቀኝም። ያንን ድምፅ ሸሽቼ ነው።

አንተም ደግመህ አልጠየቅከኝም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ልነግርህ ይገባል፤ ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ፓራዳይዝ ይባላል፣ ገነት ማለት ነው፤ እዚያ ገነት ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋ ነበር። እናቴ ስትሪፑ ላይ፣ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ካለ ትልቅ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ትሠራ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ መጋቢት ላይ ኮሮና ሲገባ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት ዋሉ። ሆቴሎቹ ተዘጉ፣ መንገደኛ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ከጣሪያችን በላይ በአውሮፕላን ሲያጓራ የነበረው ሰማይ ድንገት ዝም አለ፤ በፊት በጩኸቱ የምንማረር ሰዎች ዝምታው ያስፈራን ጀመር።

አባቴ ቁጭ ማለት የማይችል ሰው ነበር። ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛ ይመስል ነበር። ከዚያ መቀመጥ የገላገለው ከእኛ በላይ የሚኖረው ጡረተኛ ፈረንጅ ጎረቤታችን ነው። ሰውዬው ድንጋይ ይሰበስብ ነበር፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው መዶሻውንና ማጉያ መነጽሩን ለአባቴ አወረሰውና መንገዱን በወረቀት ላይ ሳለለት። ከከተማው ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ፣ የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች በሳስተው የተዉት ራሰ በራ ኮረብታ ነበር። እዚያ የሚገኘው ድንጋይ ካልሳይት ይባላል። ወርቅ አይደለም፣ ብር አይደለም፤ ማማሩ ብቻ ነው ጥቅሙ። እናቴ ይህን ስትሰማ "ሥራ ከመፍታት ድንጋይ መፍለጥ!" ብላ ሳቀች።

እኔ የኮሌጅ ትምህርቴን ከቤት ሆኜ በኮምፒውተር ስለምከታተል ትምህርት በሌለኝ ቀን አብሬው እሄድ ነበር። መኪናውን ከግርጌው ፓርክ አድርገን በእግር እንወጣለን። ኔትወርክ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በላይ ስልክ ሰዓት ማያ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ወደ ጎን የተቆፈረ ጠባብ ዋሻ ነበር። አባቴ በሆዱ ተኝቶ በመሮ ቀዩን ጭቃ ከስንጥቁ ይፍቃል፣ እኔ ከዋሻው አፍ ላይ ሆኜ የእጅ ባትሪ አበራለታለሁ። ከአፉ አልፌ እንድገባ አይፈቅድልኝም ነበር። መዶሻው ድንጋይ በመታ ቁጥር የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ ይመጣል። ጭቃው ሲለቅ ደግሞ ከውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ያገኘውን ሁሉ በሶፍት ይጠቀልል ነበር። በዚያ ሰሞን ሶፍት ከከተማው ጠፍቶ እናቴ ለአንድ ጥቅል ግማሽ ቀን ትሰለፋለች። "ሕዝቡ የሚጠርግበት አጥቷል፣ አንተ ድንጋይ ታለብሳለህ!" ትለው ነበር። እሱ ጥፋቱን እያወቀ ይስቃል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ያንኑ ያደርጋል።

ትልቋ የተገኘችው በኅዳር ነው። ጡጫ የምታህል፣ ከአንድ ሥር የተነሡ ሦስት ሹል ክሪስታሎች፤ ፈረንጆቹ የውሻ ጥርስ የሚሉት ዓይነት። ቀለሟ ማር ጠብ ያለበት ውሃ፣ ጎኖቿ መስታወት። ግርጌዋ ላይ ማላካይት የሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ተረጭቶባት ነበር። አባቴ ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለላት፤ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ወረደ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ "አሥር ዓመት የሰው ዊልቸር ስገፋ፣ እግዜር ለእኔ ያስቀመጠው ይቺን ኖሯል" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በመስኮት ወደ ውጭ የማይ መሰልኩ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያለ እሱ የቀረው አይገባህም። አባቴ ያገኘው ድንጋይ ካልሳይት መሆኑን የሚያረጋግጥበት ዘዴ ነበረው። ከእናቴ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ አቼቶ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ላይ ጠብ ያደርጋል። አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው፤ ወዲያው በውሃ ያጥበዋል፣ ምክንያቱም አቼቶ ካልሳይትን ይበላዋል። እናቴ ይህን ሲያደርግ ከምድጃው ጋ ሆና ታየው ነበር። እሷ ደግሞ በሙያዋ አንድ ጠላት ነበራት፣ የዚህ ከተማ ውሃ በቧንቧ አፍና በሻወር መስታወት ላይ የሚተወው ነጭ ነገር። ዓመታት ሙሉ በአቼቶ ተዋግታዋለች። ያ ነጭ ነገርና የአባቴ ክሪስታል በባሕርይ አንድ መሆናቸውን ግን የነገራት የለም። እሱም አልነገራት፣ እኔም አልነገርኳት።

ገና ሲያልፍ ኤርፖርቱ ለአባቴ ጥቂት የሥራ ሺፍት መለሰለት። በጥር ማሳል ጀመረ። በአራተኛው ቀን ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀመረ፣ አምቡላንስ ጠራን። ሲያወጡት በማስኩ ውስጥ "ድንጋይዋን አደራ" አለኝ። ቀልድ ነበር፣ እንዳንፈራ ብሎ ነው። እኔ ግን ቃሉን ከልቤ ያዝኩት፤ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

እናቴ ስትፈራ አታለቅስም፣ እጇ ነው የሚሠራው። እሱ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን የነካውን ሁሉ ማጠብ ጀመረች፤ የበር እጀታውን፣ ሪሞቱን፣ ጫማውን፣ የመኪናውን ቁልፍ ሳይቀር። እኔ መኝታ ቤት ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አድርጌ በኮምፒውተር ትምህርት እየተከታተልኩ ነበር። በሩን ገፋ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ በእጇ ወደ ሳሎን ስታመለክት አየሁ። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። እንድትሄድልኝ ፈልጌ "እሺ፣ እሺ" አልኳት።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሄድፎኑን አወለቅኩ። ቤቱ አቼቶ አቼቶ ይሸት ነበር። ከባኞ ቤቱ የሚመጣው ድምፅ ለስላሳ ሲቀዳ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። ገብቼ ሳይ፣ አቼቶ በሞላው ባልዲ ውስጥ የአባቴ ድንጋዮች በሙሉ ተዘፍዝፈው፣ ከእያንዳንዳቸው ጥቃቅን አረፋ እየተነሣ ነበር። ትልቋን አወጣኋት። ጎኖቿ የተመጠጠ ከረሜላ መስለዋል። ሹሎቹ ጫፎች ዶልዱመዋል፣ አረንጓዴው ጠፍቷል። ውሃ ስር ይዣት ስቆም እናቴ ከኋላዬ መጣች።

"ቫይረሱም ሞተ፣ እነሱም ነጡ" አለች። "አባትሽማ በጠብታ በጠብታ ሲያጥባቸው ዕድሜውን ሊጨርስ ነበር። ሲመጣ ደስ አይለውም?"

ፊቷን አየሁት። ባሏ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ፈካ ያለችበት ቀን አልነበረም።

"ደስ ይለዋል" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዲህ አለፉ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዲት ነርስ ታብሌት ይዛለት በቪዲዮ እናየው ነበር። ኦክስጅኑ ስለሚያፍነው ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚናገረው። ከሁለቱ አንዷ ሁልጊዜ ያቺ ነበረች።

"ድንጋይዋስ?"

"ደህና ናት፣ አባዬ። ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ።"

"አሳዪኝ።"

እናቴ ደግሞ ከጎኔ ሆና ትጎተጉተኛለች። "አሳዪው እንጂ! እንዴት እንደጠዳች ይያት!" እኔ "ሲወጣ ሰርፕራይዝ ይሁንለት" አልኩ። እሷ አመነችኝ። እሱ ግን ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል አየኝ። ቢያውቅ ተስፋ ይቆርጣል ብዬ ፈራሁ። እናቴ ብታውቅ ደግሞ ባልዲውን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም ብዬ ፈራሁ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ።

ለጎረቤታችን ድንጋይዋን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንሥቶ አገላብጦ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ የተበላ ተበልቷል፣ መመለሻ የለውም አለኝ። አሳቤን የቀየስኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያው ጉድጓድ እሷን የምትመስል ሌላ አገኛለሁ፣ በስልክ መስኮት ማን ይለያታል?

በማግስቱ ጠዋት እናቴን የኮሮና ምርመራ እሄዳለሁ ብዬ ብቻዬን ነዳሁ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ስልኬን አየሁ፤ ከሆስፒታል ምንም የለም። ከዚህ በኋላ ቢደውሉም አያገኙኝም። መመለስ ነበረብኝ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ከአፉ አልፌ ገባሁ። በሆዴ ስሳብ ጣሪያው ጀርባዬን ይነካኝ ነበር፤ አፈር ሲንሸራተት በሰማሁ ቁጥር መሳቤን አቁሜ አዳምጣለሁ። ስንጥቁ ውስጥ አንድ አገኘሁ፣ አውራ ጣት የምታህል፣ ጥርት ያለች። እጄ ቸኮለ። መሮውን ጠንከር አድርጌ መታሁት፤ ካልሳይት ያለ ቦታው ከተመታ ይሰነጠቃል፣ ለሁለት ተከፈለች። እዚያው ግንባሬን ጭቃው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። አንድ ሰዓቱ ሁለት ሆኖ ነበር።

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ስልኬ ያለማቋረጥ ይንጫጫ ጀመር። እናቴ ስድስት ጊዜ ደውላለች። ደወልኩላት።

"የት ነው ያለሽው? የመተንፈሻ ቱቦ ሊያስገቡለት ነው! ልጄን ሳላይ አይሆንም ብሎ አስቁሟቸዋል!"

ሳልመልስላት የነርሷ የቪዲዮ ጥሪ ገባ። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁሜ ከፈትኩት። የአባቴ ፊት የስልኩን መስኮት ሞላው። ፀጉሬ ላይ፣ ፊቴ ላይ ያለውን ቀይ ጭቃ አየ።

"ብቻሽን?" አለ።

መዋሸት አቃተኝ። "አባዬ፣ ይቅር በለኝ። እማዬ በአቼቶ አጠበቻቸው። ሁሉንም። ጠይቃኝ ነበር፣ ሳልሰማ እሺ አልኳት። ምንም የቀረ የለም።"

ዓይኑን ጨፈነ። ገደልኩት ብዬ አሰብኩ፣ እውነቴን ነው። ነርሷ ማስኩን ልታስተካክል እጇን ስትሰድ በምልክት አቆማት።

"እሷ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ያጸዳችልህ ነው የሚመስላት።"

ለመናገር ትንፋሽ እስኪያጠራቅም ብዙ ቆየ። ከኋላው ማሽኑ ይጮህ ነበር።

"እንዳትነግሪያት" አለኝ። ቀጥሎም "እሺ በይኝ" አለ።

"እሺ።"

"በይ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ።"

መጨረሻው ይኸው ነው። ከዚያ ቱቦ አልተመለሰም፤ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ አረፈ። ቀስ ብዬም አልነዳሁም።

እንግዲህ እሁድ ቤታችን ትመጣለህ። እናቴ ሳሎን ውስጥ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን አላት፣ ገና ሳትቀመጥ ወደዚያ ነው የምትወስድህ። እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች፣ የእኔም ልብ ሁልጊዜ ይንጠለጠላል፤ አንድ ቀን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው መጥቶ "ምን ነካቸው?" እንዳይል። ትልቋን አውጥታ ትሰጥሃለች። "የባለቤቴ ናት፣ ታሞ ከመሄዱ በፊት ጭቃ ነበረች፤ እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያጠብኩለት" ትልሃለች። ድብዝዝ ያለች፣ ጠርዝ የሌላት ነገር ናት፤ ምኗ ነው የሚያምረው ብለህ ግራ ሊገባህ ይችላል። ወደ እኔ እንዳትዞር። በሁለት እጅህ ተቀበልና ደህና አድርገህ እያት፣ ከዚያ "እጅዎ ይባረክ" በላት።