ጥርሱ የጠፋ ቀን

ሰፈሩ የሚያውቃት «ፍልቅልቅ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ስቃ አታበቃም፤ መጀመሪያ ትንተከተካለች፣ ቀጥሎ ድምፅዋ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ስቅታ ይይዛታል። የልብስ ስፌቱ ገበያ ሲቀዘቅዝባት፣ የጥንት ሰዎች ቅሪት በሚቆፈርበት ሸለቆ አፈር የመንፋት ሥራ አገኘች።

«አፈር ደግሞ ይነፋል?» አሉ ጎረቤቶቿ።

«የዘመዶቻችን አጥንት አለበታ!»

ወቅቱን ሙሉ ጠጠር ስትነፋ ከረመች። አንድ ማለዳ ታዲያ ወንፊቷ ላይ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ቀረ። የመንጋጋ ጥርስ! ልትጮህ አፏን ብትከፍት የወጣው ስቅታ ብቻ ነው። እየተደናቀፈች ወደ ቁፋሮው ኃላፊ፣ ወደ ፕሮፌሰሯ ሮጠች።

ፕሮፌሰሯ ኮስታራ ናቸው፤ ሲስቁ ያያቸው የለም። ጥርሱን በአጉሊ መነጽር አዩት፣ ገለበጡት፣ ደግመው አዩት። «የሰው ዘር ነው» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ እንደ እንቦሳ ዘለሉ! የቡድኑን ሹፌር አቀፉ፣ ፍልቅልቅን አቀፉ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ሳይቀር አቀፉ። ሲረጋጉ እጃቸው ባዶ ነው።

«ማንም ንቅንቅ እንዳይል!»

ሁሉም መሬት ላይ ይድህ ጀመር። «የሚሊዮን ዓመት ጥርስ በአንድ አፍታ ጣልኩት! ጉዴ ፈላ!» ይላሉ ፕሮፌሰሯ አፈሩን እየዳበሱ። ፍልቅልቅ ሳቋን ልታፍን ስትታገል ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ወይኔ ጉልበቴን!» ብሎ ሹፌሩ ጮኸ።

ዞር ሲሉ፣ ጉልበቱ ካረፈበት አፈር ውስጥ የመንጋጋ አጥንት ብቅ ብሏል፤ ጥርሶቹ ተደርድረዋል፣ አንዱ ቦታ ብቻ ክፍት ነው። ፕሮፌሰሯ ብድግ ቢሉ፣ ከተጠቀለለው ሱሪያቸው እጥፋት የጠፋው ጥርስ ዱብ አለ። ከክፍተቱ ጋር ሲያስተያዩት ልክክ!

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይያዝ! ሹፌሩ እያነከሰ ሄዶ የመኪናውን ጥሩምባ ለቀቀው፣ ፕሮፌሰሯ ጨፈሩ። ፍልቅልቅ ለእናቷ ስልክ ደወለች፤ ግን ሳቅና ስቅታዋ ተደባልቆ ልቅሶ መሰለ።

«ልጄ! ማን ሞተብን?» አሉ እናቷ።

«ዘመዳችን ነው፣ እማዬ… ግን ቆይቷል። ሚሊዮን ዓመት አልፎታል!»

እናቷ ተቆጡ። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይነገረኝ?»

ፕሮፌሰሯ ስልኩን ነጠቁ፤ «እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አጽሙ ተገኝቷል!»