የባትሪው ሸክም

ባለቤቴ ማታ ወደ ቤት ሲገባ የመኪናውን የዝናብ መጥረጊያዎች በብብቱ ሸጉጦ ነበር የሚገባው። ተመልሶ ይወጣና ስፖኪዮውን ፈትቶ ያመጣል፤ ሬዲዮው አጠገብ ያቆመዋል። ክሪኩ አልጋ ሥር፣ ሸራው ከበሩ ጀርባ ያድራል። ሲነጋ ሁሉንም ተሸክሞ ይወጣና መልሶ ይገጥማል። እንግዳ ሰው ቤታችን ቢያድር ጋራዥ ውስጥ የተኛ ይመስለው ነበር። እኔ ራሴ ጠጉሬን የማበጥረው በዚያ ስፖኪዮ ነበር፤ ከግድግዳችን መስታወት ይልቅ እሱ ደህና ያሳያል።

ይህ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አሰበ ተፈሪ። የአገሩ ሰው ጭሮ ይላታል። ሰፈራችን ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ግቢዎቹ መኪና አያስገቡም። መኪና ያለው ሁሉ መንገድ ዳር አቁሞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ ነው የሚተኛው። ከእኛ በታች ያለችው ጫት ነጋዴ ፒካፕ ነበራት። ባለቤቴ ደግሞ የመንግሥት የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከሚኤሶ እስከ በደሳ ያልረገጠው መንገድ አልነበረም።

ስርቆቱ የጀመረው በትንሹ ነው። መጀመሪያ የነዳጅ ክዳን ጠፋ። ቀጥሎ የመብራት አምፖል። ጫት ነጋዴዋ አንድ ቀን ጠዋት ስፖኪዮዋን ስታጣ መንገዱ መሀል ቆማ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማት፣ “አቦ እኔንም ጨምራችሁ ውሰዱኝ! ከመሀላችሁ ባል አላጣም!” ብላ ጮኸች። ተሳቀ። በኋላ ግን የሚሳቅበት አልሆነም። አዋጥተን ዘበኛ ቀጠርን፤ ሳምንት ሳይቆይ የዘበኛው ብርድ ልብስ ተሰረቀ። ሰውየው አፍሮ ሥራውን ተወ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ እንደ ልማዱ መጥረጊያዎቹን ገጥሞ፣ ስፖኪዮውን አስሮ፣ ጋቢና ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናው ጭጭ አለ። ወርዶ የባትሪውን ሣጥን ሲከፍት ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ የለም። ገመዱ በቢላዋ ተቆርጧል። እኔ በራፍ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። መርገጫው ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

በዚያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት ጠፋ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መንገር አለብኝ። ከባለቤቴ ጋር ይነዳ የነበረ አንድ ሰው ጎማ ጠፍቶበት “የኢኮኖሚ አሻጥር” በሚል ታስሮ ነበር። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ አይቻታለሁ፤ አንድ ቀን ስንቁን ሳያስገቡላት መለሷት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰው ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እኛ ዘንድ ደግሞ ተቆጣጣሪው ቅዳሜ ከድሬዳዋ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ መኪናውን ዕቃ በዕቃ ሊያይ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወዲያው ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የሚፈራው ሰው ነበረው።

“ቀላል ነው” አለ። “ከየቤቱ ጎረምሳ ጎረምሳውን እስር ቤት እናስገባለን። አንድ ሌሊት ካደሩ ይናገራሉ።”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህ ልጆች ዓይኔ ሥር ያደጉ ናቸው” አለ ባለቤቴ።

“እንግዲያው አንተ ትገባለህ። ምረጥ።”

ባለቤቴ ምንም አልመረጠም። ሊቀመንበሩ እስከ ነገ ማታ ብሎት ሄደ። ጎረቤቱ ከየደጁ ቆሞ ሰምቷል። አንዲት የልጆች እናት ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን እየገፋች ቤት ስታስገባና በሩን ስትዘጋ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ አባባ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው፤ በወጣትነታቸው ቦኬ ገጠር ያርሱ የነበሩ፣ አርጅተው ልጃቸው ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከመስጊድ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መስጊድ እንጂ ሌላ መንገድ አያውቁም። ባለቤቴ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

“አንተ ልጅ፣ የምትፈልገው ባትሪውን ነው ወይስ ሌባውን?”

“ባትሪውን ነው፣ አባባ።”

“ወላሂ በል። ኋላ ሌባውንም ካልያዝኩ እንዳትል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥህ የለም።”

“ባትሪውን ብቻ፣ አባባ።”

“እንግዲያው ነገ ከጁምዓ በኋላ ከየቤቱ አንዲት ሴት አንድ ሸክም የማሽላ አገዳ ታምጣ። የሌላት እንጨት፣ እንጨት የሌላት ሣር። መኪናው ፊት ታውርደው። ወንዶቹ ፊታችንን ወደ አጥሩ አዙረን እንቀመጣለን። ማንም ሴት የሌላዋን ሸክም አያግዝ። ማንም ‘ምን ይዘሻል’ አይበል። አገር ቤት እንዲህ ነበር የምናደርገው። በጨለማ የወጣ በፀሐይ ይገባል፣ ኢንሻአላህ።”

ሊቀመንበሩ ሲሰማ ሳቀ። “ሌባ በአገዳ ይያዛል እንዴ?”

“ጓድ ልጄ፣ ሌባ አንይዝም። ባትሪ ነው የምንይዘው” አሉት አባባ። “ያንተም ባለቤት አንድ ሸክም ታምጣ። ቤት የተባለ አይቀርም።”

አርብ ቀን ፀሐዩ ደማቅ ነበር። ወንዶቹ ከመስጊድ ተመልሰው፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ዘንድም ያሉት ከየቤታቸው ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው በአጥሩ ሥር ተደረደሩ። ባለቤቴ አባባ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከወዲያ በኩል ሊቀመንበሩ። አባባ ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ።

ሸክም ይዘው መጀመሪያ ከወጡት አንዷ እኔ ነበርሁ። ምንም ሳልሰርቅ፣ የተሰረቅሁት እኔው ሆኜ፣ ሁሉም የሚያዩኝ መሰለኝ። አገዳዬ ውስጥ አገዳ ብቻ እንዳለ እያወቅሁ፣ እያወረድሁ ሳለ ከውስጡ የሆነ ነገር ዱብ እንዳይል ፈራሁ። አውርጄ ከወዲያ ማዶ ካሉት ሴቶች ጋር ቆምሁ። ያወረደች ሁሉ እዚያ ትቆማለች።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ። አንዳንዷ ከላይ፣ አንዳንዷ ከታች። እነዚያን ሴቶች በየቀኑ አያቸው ነበር፤ እንዲያ ግን አይቻቸው አላውቅም። የደረሰች እርጉዝ ነበረች። ጉልበቷ የሚያማት አሮጊት ነበረች። የሊቀመንበሩ ሚስት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። ጫት ነጋዴዋ አገዳ ተሸክማ ስለማታውቅ ከገበያ ገዝታ፣ “ለባትሪ ብዬ ወገቤን ልስበር?” እያለች መጣች። ሁሉም እየደረሱ “አካም ኦልቴ”፣ እንዴት ዋልሽ፣ ይላሉ፤ እኛም “ነጋ ነው”፣ ሰላም ነው፣ እንላለን፣ ግማሹን ኦሮምኛ ግማሹን አማርኛ፣ እንደ ሌላው ቀን። ከዚያ ጀርባቸውን ለክምሩ ሰጥተው ቁጢጥ ይላሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለውን ገመድ ያላላሉ፤ ሸክሙ በቀስታ ይንሸራተታል። በእኛ አገር ሸክም ይዛ የምታወርድ ሴት አይቶ እጁን የማይዘረጋ ባለጌ ነው። ያን ቀን ግን እጃችንን ብብታችን ውስጥ አስገብተን ቆምን። እርጉዟ ስታወርድ እጄን የያዝሁት በሌላው እጄ ነው።

የመኪና ባትሪ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤቴ ሲያወርደው ሁልጊዜ ረዳቱን ይጠራ ነበር። ስለዚህ ጆሮዬን አቁሜ ነበር የምሰማው፤ ከባዱ ሲያርፍ ድም ይላል ብዬ። የሁሉም ድምፅ አንድ ነበር፤ የደረቅ አገዳ ኮሽታ። ዓይኔንም አላሳረፍሁም። ያላባት፣ ያለከለከች፣ ያጎነበሰች ፈለግሁ። ሁሉም አልቧቸዋል፤ ሁሉም አጎንብሰዋል። “አካም ኦልቴ” ስትል ድምፅዋ የተቆራረጠ አንዲት እንኳ አልነበረችም።

ክምሩ የሰው ቁመት ሲያክል አባባ፣ “በቃ፤ ዙሩ” አሉ።

ባለቤቴና ሊቀመንበሩ ከላይ ጀምረው እያነሡ ያስቀምጡ ጀመር። ከአንዱ እስር ውስጥ ስፖኪዮ ወጣ። ጫት ነጋዴዋ “የእኔ!” ብላ ጮኸች። ከሌላው የማን መሆኑን የማናውቀው ክሪክ። ከሌላው የዘበኛው ብርድ ልብስ ወጣ፤ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። ያልጠየቅነው ሁሉ እየተመለሰ ነበር። ባትሪው ግን የለም። ክምሩ እያነሰ ሄደ፤ ባለቤቴ እያንዳንዱን ሲያነሣ መጀመሪያ እጁ ክብደቱን ይለካል፤ ይቀልበታል፤ ያስቀምጣል። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ የእመቤቴን ስም እየደጋገምሁ እጠራለሁ።

አንዱን ሊያነሣ ሲል እጁ እንቢ አለው። እንደገና ሞከረ። ተንበረከከና አገዳውን ፈልቀቅ አድርጎ አየ። በጆንያ ተጠቅልሏል። እጁን ባትሪው ላይ አኑሮ ቆየ፤ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳብስ። አባባ “አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ እኔ አማተብሁ።

ያኔ ነው ሊቀመንበሩ፣ “ገመዱን ማንም እንዳይነካ!” ያለው።

አባባ ያላሰቡት ይህን ነበር። የእያንዳንዷ ሴት ገመድ የታወቀ ነው። አንዷ በቃጫ ትገምዳለች፤ አንዷ የአሮጌ ቀሚስ ጨርቅ ትጨምርበታለች፤ አንዷ ጫፉን በቆዳ ትቋጥራለች። ውኃ ስንቀዳ፣ እንጨት ስንለቅም አንዳችን የሌላችንን ገመድ እንደ ፊቷ እናውቀዋለን። ሊቀመንበሩም ባለ ሚስት ነው፤ ያውቃል። ባለቤቴ ሰውነቱን በእስሩ ላይ ደፍቶ፣ “ጓድ፣ ቃል ገብቻለሁ” ሲለው ሰማሁ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለ።

“ገመዴን!” አለች ጫት ነጋዴዋ። “ገመዴን ስጡኝ፣ ላሜን ላስር ነው!”

“አንቺ ላም የለሽም እኮ!” አላት አንዱ ከአጥሩ ሥር።

“ልገዛ ነው! ምን አገባህ?”

ዘላ ክምሩ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ አሮጊቷ፣ ከኋላዋ እርጉዟ፣ ከኋላዋ የሊቀመንበሩ ሚስት፣ ከኋላዋ እኛ ሁላችን። ማንም አልተማከረም። “ገመዴን! ገመዴን!” እያልን፣ ከየእስሩ ገመድ እየመዘዝን፣ አገዳው በእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ። ባለቤቴ ተገፍቶ በቂጡ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ “ማስረጃ ነው! ማስረጃ!” ሲል የገዛ ሚስቱ፣ “ማስረጃህ እንጨት አያስርልኝም” ብላው አለፈች። ቀና ስንል የቀረው የተበተነ አገዳና መሀሉ ላይ ባትሪ ብቻ ነበር። አባባ ጥምጣማቸው እስኪላላ ድረስ ሳቁ።

ዛሬ ይህን ስጽፍም ራሴን እጠይቃለሁ። ያቺን ገመድ ከባትሪው ላይ የመዘዘችው የገመዷ ባለቤት ናት ወይስ ሌላ ሴት? በዚያ ግርግር ውስጥ ስንቶቹ አወቁ? ያወቀች ካለች እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ያቺ ሴት ደግሞ ባሏ ወይም ልጇ ያጠፋውን በጀርባዋ ተሸክማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እያያት፣ እግዜር ይስጥልኝ የሚላት እንደሌለ እያወቀች መጣች። ሰላምታዋን ሰጥታ፣ ያን ብረት ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ አሳረፈችው። ምን ዓይነት ጉልበት እንደሆነ እኔ መለኪያ የለኝም።

መኪናው በዚያው ማታ ተነሣ። ጥቁር ጭሱን ሲለቅብን ሴቶቹ እየሳሉ፣ እየሳቁ ሸሹ፤ እሷም መሀላቸው ነበረች። ቅዳሜ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ዕቃውን ሁሉ አየ፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ስርቆት ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ጠፋ ብል እዋሻለሁ። ከእኛ ሰፈር ልጆች ግን የታሰረ አልነበረም፤ ባለቤቴም ቤቱ አደረ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቤቱ አደረ።

አምና ሲሞት ድንኳኑ የዚያ ሰፈር ሴቶችን አልበቃቸውም። አርጅተዋል። እያለቀሱ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ “መንገድ ላይ ጥሎን አልሄደም” ይላሉ።

እውነት ነው። ከዚያ አርብ በኋላ ሸክም የያዘች ሴት ሳያሳፍር ማለፍ አቅቶት ነበር። የመንግሥት መኪና ሰው መጫን ክልክል ነው፤ ተነግሮታል፤ ከደመወዙም ተቆርጧል። አንድ የገበያ ቀን ከበደሳ አብሬው ስመለስ ከኋላ የሴቶች ጉባኤ ሆኗል፤ እኔም ጋቢና ውስጥ ከሁለት ሴቶችና ከዶሮዎቻቸው ጋር ተጣብቄያለሁ። ዳገቱ ላይ ደግሞ አንዲት የማናውቃት ሴት እንጨት ተሸክማ ስትወጣ አየን።

“አንተ፣ ይችን እንኳ እለፋት” አልሁት። “የጭሮ ሰውም አይደለች።”

“ባትሪውን ያመጣችው የትኛዋ እንደሆነች ብትነግሪኝ ሌሎቹን አልፋቸው ነበር” አለኝ።

ፍሬን ያዘና ወረደ። ሴትዮዋ ደንግጣ ቆመች። እሱ ከኋላዋ ዞሮ ሸክሟን በሁለት እጁ ተቀበላት።