«ውሃው በአንድ በኩል ቀዝቅዟል»

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው... አባቴ ገና ከደጅ ሳይገቡ ማጅራታቸውን ይዘው «ውሃ አሙቂልኝ» አሉኝ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ እዚሁ ላሊበላ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ካወቅን ቆይተናል፤ ኪኒንም ታዞላቸዋል። ግን አንድ ሰው «እግርን ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ደሙን ከራስ ወደ ታች ይስበዋል» ካላቸው ወዲህ፣ ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር ሳፋ አምጪ ነው። እውነት ለመናገር ቀለል ይላቸዋል። ፊታቸው ይፈታል፣ ትንሽ ያሸልባሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

የዛን ቀን እናቴ ጋሸና ለቅሶ ሄዳለች። ቤት ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ውሃውን አሞቅኩና ሳፋውን እግራቸው ስር አደረግኩላቸው።

ጥቂት ቆይተው...

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ በአንድ በኩል ቀዝቅዟል።»

«አባባ፣ አንድ ሳፋ እኮ ነው!» ብዬ ሳቅኩ።

«አይ... ቀኙ ይሞቃል። ግራው ነው የቀዘቀዘው።»

እጄን ከተትኩ። በግራም በቀኝም ያው ሙቅ ነው። ሳቄ እዛው ደረቀ። የግራ እግራቸውን ጣት ቆነጠጥኩ... ዝም። ጠንከር አድርጌ ቆነጠጥኩ... ዝም። ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው በአንድ በኩል ወረድ ብሏል።

«አባባ፣ ኪኒኑን ዛሬ ወስደዋል?»

ዓይናቸውን ወደ ሳፋው መለሱ።

«አባባ!»

«ውሃው ካሻለኝ ብዬ... ከተውኩት ሰነበትኩ።» ቃሉ አፋቸው ውስጥ ይተሳሰር ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በባዶ እግሬ መንገድ ላይ ቆሜ ጮህኩ። አንድ ባለባጃጅ ቆመልኝ፤ መንገደኞች ተጋግዘው ተሸክመው አወጡልኝ። እግራቸው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። በየመታጠፊያው «አባባ፣ ያናግሩኝ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ጸሎታቸውን ይደግማሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃል የሚያውቁትን እየዘለሉ ሲደግሙት ስሰማ... ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሟ «አባ፣ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ» አለቻቸው። ቀኙ ወጣ። ግራው ደረታቸው ጋ ሳይደርስ ወደቀ። አባቴ የወደቀውን እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጠው አዩት።

«ስትሮክ ነው የጀመራቸው» አለችኝ ለብቻዬ ወስዳ። «ፈጥነሽ ባታደርሻቸው ኖሮ...»

«ውሃው ነው የጎዳቸው?»

«ውሃው አይደለም። ለጊዜው ያሳርፋቸዋል እንጂ መድኃኒቱን ግን አይተካም። የጎዳቸው ኪኒኑን ማቆማቸው ነው።»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤታቸው ገብተዋል። እጃቸው መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ እግራቸው ግን ገና ይጎተታል። ኪኒኑን የምሰጣቸው እኔ ነኝ፤ እስኪውጡት ቆሜ ነው የማየው። ሌሊት ሲገላበጡ ከሰማሁ ተነስቼ ከንፈራቸውን አያለሁ።

ትናንት ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው መጣች። ስሸኛት በር ላይ ጠጋ ብላ፣ ማጅራቷን እያሻሸች...

«እንደው አባን ያዳናቸው ውሃ... ጨው ነገር ትጨምሩበታላችሁ?» አትለኝም!

ነገ በጠዋት፣ ወደደችም ጠላችም፣ ግፊቷን ላስለካት እጇን ይዤ ልሄድ ነው።