አራት ደቂቃ ከመስመሩ ወዲያ

የትንሿ አየር ማረፊያ ተቆጣጣሪ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «አቶ አይቻልም» እንጂ በስሙ የጠራው የለም። እሱም አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ሳይለው አይቀርም። ማማው ላይ፣ ከመስታወቱ አጠገብ፣ የፀሐይ መግቢያ ሰንጠረዥ ለጥፏል፤ ዳርዳሩ በጣቱ ንክኪ ብዛት ወዝቷል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት ካለፈ፣ ሰማዩ ገና ቀላ ብሎ ቢታይም፣ ሌሊት ነው። የሌሊት በረራ ፈቃድ የሌለው የግል አብራሪ ከዚያች ደቂቃ በኋላ እሱ ወደሚቆጣጠረው ክልል አይገባም። አለቀ። ሹም ሆነ ባለሀብት ሆነ ወዳጅ፣ አይገባም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ልጅ ወለደና፣ ልጅቷ ደግሞ አውሮፕላን ካላበረርኩ አለች። ወይ ጉድ! አዘቦት ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የበረራ ክበቡን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተከራይታ ትነሣለች። የግል አብራሪነት ፈቃዷን ያገኘች ዕለት ሌላ አባት አበባ ይዞ ይመጣል። እሱ የደንብ መጽሐፉን በላስቲክ ሸፍኖ ሰጣት። እሷም ቁርጥ አባቷን ናትና፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

ነገሩን ያበላሸው አንድ ራት ነው። አቶ አይቻልም የአንድ የጥርስ ሐኪም ወሬ አመጣ። ሐኪሙም የግል አብራሪ ነው፤ የሌሊት ፈቃድ የለውም። አምስት ደቂቃ አርፍዶ ደረሰና በሬዲዮ «አደጋ ላይ ነኝ» ብሎ አወጀ። አብራሪ እንዲህ ካለ ክልከላው ሁሉ ይነሣለታል፤ መብራት ይበራለታል፣ መንገድ ይለቀቅለታል። አቶ አይቻልም ታዲያ የሐኪሙን ቀጭን ድምፅ እያስመሰለ፣ «አደጋ ላይ ነኝ! ምን ሆንክ? መሸብኝ! አይ የኔ ጀግና! መሸብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው መጀመሪያ ማን ተነሣ አለው?» እያለ በሳቅ ገደላቸው። ልጅቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናትየው ብቻ አልሳቀችም።

«ተው አንተ ሰውዬ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለችው። እሷን ማን ሰምቷት!

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ልጅቷ ጎረቤት ከተማ ያለች ጓደኛዋን ጠይቃ ስትመለስ መንገድ ላይ የፊት ነፋስ ያዛት። አባቷ ማማው ላይ ሰዓቱን ያያል፣ ሰንጠረዡን ያያል፣ ተመልሶ ሰዓቱን ያያል። የዚያን ቀን ማለቂያዋ ደቂቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ነበረች። አለፈች። የአየር ጠባይ መዝጋቢዋ፣ እዚያው ማማ ላይ አብራው ያረጀች ሴት፣ «ትመጣለች፣ አይዞህ» አለችው።

አሥራ ሁለት ከሃምሳ አራት ሲል ሬዲዮው ተንጫጫ።

«ታወር፣ ሰባት ዘጠኝ ነኝ። ከክልሉ መስመር ውጪ ነኝ። ለመግባት ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

ታወር የሚባለው የሱ ማማ ነው፤ ሰባት ዘጠኝ የሷ አውሮፕላን ናት። ድምፅዋ የረጋ ነው፤ ከልክ በላይ የረጋ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ትንሽ ሳለች ክንዷ ተሰብሮ «ምንም አላመመኝም» ያለችበት ድምፅ ነው።

«ሰባት ዘጠኝ፣ የሌሊት በረራ ፈቃድ አለዎት?»

ልጁን እኮ ነው «አለዎት» የሚላት! በሬዲዮ ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው።

«የለኝም።»

ከዚህ በኋላ የሚባለውን በእንቅልፍ ልቡም ይለዋል። አፉ ቀደመውና ለሷም አለው፦ «በዚህ ሰዓት መግባት አይፈቀድልዎትም።» ወዲያው ግን ተጣድፎ ጨመረ፤ «አደጋ ላይ ነዎት? አደጋ ያውጃሉ?»

በሩን ከፈተላት። አንዲት «አዎ» ብቻ ነበር የቀረችው።

«አላውጅም» አለች።

«መሬቱ ይታይዎታል?»

ትንሽ ዘገየች። «ይታየኛል።»

መዝጋቢዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ኧረ በናትህ አስገባት! ጨለመባት እኮ!»

«እሷ አደጋ ላይ ነኝ ካላለች እኔ ምን ላድርግ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በተሰባበረ ድምፅ፣ «ሰባት ዘጠኝ፣ ደግሜ እጠይቃለሁ። አደጋ ያውጃሉ?» አለ።

«መሸብኝ ብዬ አላለቅስም፣ ታወር። ወደ ረጪዎቹ ሜዳ እሄዳለሁ። ሞገዱን እለቃለሁ።»

የረጪዎቹ ሜዳ ከመስመሩ ወዲያ ያለ፣ የሰብል መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች ቀን ቀን የሚያርፉበት የሣር ሜዳ ነው። ተቆጣጣሪ የለውም። መብራትም የለውም። ጫፉ ላይ የውኃ ቦይ አለ።

ሁለት እስትንፋስ ያህል ደርቆ ቆመ። ከዚያ በሃያ ስድስት ዓመት ወጥቶት የማያውቅ ቃል ወጣው።

«ግቢ! ልጄ፣ ግቢልኝ! ደንቡ ገደል ይግባ! መብራቱን አብርቼልሻለሁ፣ ግቢ!»

እውነትም የማኮብኮቢያውን መብራት ከዳር እስከ ዳር አብርቶታል። መልስ የለም። ከክልሉ የሚርቅ አብራሪ የማማውን የሬዲዮ ሞገድ ለሌላው ይለቃል፤ እንዲህም ያስተማራት እሱ ነው። የማማው ሬዲዮ የረጪዎቹን ሞገድ አይዝም። ቢሆንም ይጠራት ነበር። መዝጋቢዋ የሜዳውን ዘበኛ ስልክ ደጋግማ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። በመሃል ሚስቱ ደወለችና፣ «መጣች?» አለችው። «እየመጣች ነው» አላት።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዘበኛው ራሱ ደወለ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ቦዩ ውስጥ ተክላለች። ልጅቷ በሕይወት አለች፤ እግሯ ግን ክፉኛ ተጎድቷል።

ሆስፒታል ሲደርስ ኮሪደር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ አስተኝተዋታል፤ ቀኝ እግሯ ከታፋዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ታስሯል። እንደ ድሮው መራመዷን የሆስፒታሉ ሐኪም እርግጠኛ አይደለም። እናትየው ራስጌዋ ቆማ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። ልጅቷ ግን ስታየው ፊቷ ፈካ፤ የትምህርት ቤት ውጤቷን እንደምታሳየው ጊዜ።

«አባዬ፣ አልገባሁም እኮ።»

የአልጋውን ብረት ይዞ፣ «ጠርቼሽ ነበር» አላት።

«መቼ?»

«ሞገዱን ከለቀቅሽ በኋላ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች።

«እንዴ አባዬ፣ ያኔማ አይሰማም» አለችው።