የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም

በፎገራ ሜዳ ያሉ እናቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ውባንቺን «ቀስቅሺው» ይሏታል። ሕፃን ያዘለች እናት ከጤና ኬላው ስትገባ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ከውባንቺ አፍ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። «ኧረ አሁን ገና ነው የተኛልኝ» ብትላትም አትሰማም። ስሙን ያወጡላት እየሳቁ ነው። እሷ ግን ስትጠራበት አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

ይህ ስም ሳይወጣላት በፊት፣ አንድ ዓመት፣ የታመሙ ሕፃናትን ለሚያዩ ባለሙያዎች በስልክ የሚሰጥ ስልጠና መጥቶ ነበር። ትምህርቱ እንደየሰዉ ነው፤ ያወቁትን ያልፋል፣ የሳቱትን እየመለሰ ይጠይቃል። አብራት የምትሠራው መሲ ስልኩን «የኔታ» ትለው ነበር። «አለንጋ ብቻ ነው የጎደለው» ትላለች። ውባንቺ የተቅማጥ ጥያቄዎች ላይ ወደቀች። የሆድ ቆዳ ሲቆነጠጥ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ዓይን መቼ ሰረጎደ እንደሚባል፣ ስልኩ ሳምንት ሙሉ አፋጠጣት። አደገኛ ምልክቶቹን ግን ባንዴ መለሰች። የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል እንደሚላክ ማን ያጣዋል? «ይህን ያውቁታል፣ ይለፉ» አላት ስልኩ። አለፈች።

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ሆነ። ይታይሽ ከሩዝ ማሳው ማዶ፣ ሰባት ዓመት ጠብቃ ያገኘችውን ልጇን ሰውመሆንን አዝላ፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ እየደረሰ መጣች። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው።

«ሦስት ቀን አስቀመጠው። ትናንት ሲነጫነጭ ዋለ፣ ሲያለቅስ አደረ። ዛሬ፣ ተመስገን፣ ተኝቶልኛል።»

«ጡት ይጠባል?»

«ሌሊት ጠብቷል። ከነጋ ወዲህ ግን እንቅልፍ ላይ ነው።»

ውባንቺ ቆዳውን ቆነጠጠች፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ትንፋሹን ቆጠረች። የተከደነ ዓይኑን ዙሪያውን አየች። ስልኩ ያፋጠጣትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ሠራች። አልቀሰቀሰችውም። በዚያ አገር የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም፤ በእንቅልፉ መልአክ ያጫውተዋል ይባላል። ጨርቁን ስትመልስለት እንኳ እጇን እያለሳለሰች ነበር።

«ሲነቃ ይሄን በጥብጠሽ በማንኪያ በማንኪያ ስጪው» ብላ ኦአርኤስና ዚንክ ሰጠቻት።

«እንዲህ ዝም ብሎ የሚተኛ ባል ማን በሰጠኝ» አለች መሲ ከወዲያ ሆና። ይታይሽ እየሳቀች ወጣች።

ውባንቺ መዝገቡን ገለጠች። «ፈዟል ወይም ራሱን ስቷል» ከሚለው ሥር «አይደለም»ን ከበበች። እስክሪብቶው እዚያው ቆመ። ልጁ ሲቆነጠጥ አላለቀሰም። ዓይኑንም አልገለጠም።

«መሲ፣ ያ ልጅ ተኝቶ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ውባንቺ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ውሃው ገባች።

ቤቱ ስትደርስ ሰውመሆን መደብ ላይ እንደተኛ ነው። ኦአርኤሱ ተበጥብጦ፣ ተከድኖ፣ እስኪነቃ ይጠበቃል። ውባንቺ የውስጥ እግሩን በጣቷ አጥብቃ አሸችው። ጠራችው። ስታነሳው አንገቱ ወደ ኋላ ወደቀ። ዓይኑ በከፊል ተገለጠ፤ ማንንም ግን አላየም።

«እታለም፣ ምን ሆነብኝ?»

«ወረታ ሆስፒታል እንሂድ። አሁን።»

አያቱ አቶ ታደለ በታንኳ አሻገሯቸው። ባጃጅ እስኪገኝ መንገድ ዳር ቆሙ። ወረታ መግቢያ ላይ፣ ባጃጁ ከጭነት መኪኖች ኋላ እንደቆመ፣ ይታይሽ «ቀዘቀዘብኝ» አለች።

በማግሥቱ ተቀበረ።

ባየህ የሚባል ተቆጣጣሪ መጥቶ የውባንቺን ስልክ ከፍቶ አየ። አደገኛ ምልክቶች፦ መቶ ከመቶ።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አላት፤ «እናትየው ዘግይታ አመጣችው» ብሎም ጻፈ። 

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄደች። ሌሎቹ ሴቶች እስኪወጡ ጠብቃ ከይታይሽ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዘግይታ ነው ያመጣችው ብለው ጽፈዋል» አለች። «አልዘገየሽም። ስትመጪ ፈዞ ነበር። እኔ ነኝ ተኝቷል ያልኩት። መቀስቀስ ነበረብኝ።»

 ከይታይሽ ጡት የፈሰሰው ወተት ቀሚሷን አርሶታል።

«መንገድ ላይ እኮ» አለች፣ «እንዳይነቃብኝ ብዬ፣ ውሃው ውስጥ ቀስ እያልኩ ነበር የተራመድኩት።»